«ጠበቃ ቤት አትሩጡ» ላሉት ጸሐፊ፦ እሺ፣ ግን ሳታስነብቡ አትፈርሙ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። «ከሥራ ስትቀነሱ ጠበቃ ቤት አትሩጡ» ይላል። ሦስቱም ለእኔ የላኩት ያለ ነገር አይደለም። ስድስት ዓመት ኤችአር፣ ማለትም የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ለሰው የቅነሳ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። በሰባተኛው ዓመት ተራው ደረሰኝና እኔም ተቀበልኩ። ጠረጴዛውን ከወዲህም ከወዲያም አውቀዋለሁ ማለት ነው።

ጽሑፉ ክፋት የለበትም። የጸሐፊው ጭንቀት ይገባኛል። ደመወዝ ሊቆም ነው፣ ያለችው ጥሪት ደግሞ ለጠበቃ መበተን የለባትም ነው የሚሉት። ስድስት ነጥብ አንስተዋል። አንድ ሁለቱን በግማሽ እቀበላለሁ። የቀሩትን ግን አምኖ የሚፈርም ሰው አለና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በእሳቸው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ጠበቃ የሚወስድባችሁ ከሚያመጣላችሁ ይበልጣል»

ይህን ሲጽፉ በዓይናቸው የሄደው ክስ ነው። ፍርድ ቤት፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ። ክስ ከሆነ እውነት አላቸው፣ ሊበልጥ ይችላል። እንዲያውም እኔ ልጨምርላቸው። ጀርመን ውስጥ በሥራ ፍርድ ቤት በመጀመሪያው ደረጃ ብታሸንፉም የጠበቃችሁን ክፍያ የምትችሉት ራሳችሁ ናችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የሥራ ክርክር የሚያየው ኮሚሽን አቤቱታ ለመቀበል አያስከፍልም። በማስማማቱ ደረጃ ጠበቃ ይዞ መግባትም አይፈቀድም። ስለዚህ «ጠበቃ ከሌለኝ አለቀልኝ» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

ነገር ግን ጠበቃ ማማከር ሌላ፣ ጠበቃ አቁሞ መክሰስ ሌላ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የጻፉት። ከሥራ የተቀነሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ወረቀቱን ተቀምጦ የሚያነብለት ሰው ነው። ለአንድ ሰዓት። ጠበቃው አንብቦ «ደህና ነው፣ ፈርም» ሊል ይችላል። እሱም ለገንዘቡ ጥሩ መልስ ነው፣ ሌሊት ያስተኛል።

ስለ ክፍያ ካነሳን አይቀር፣ ጽሑፉ ያለፈው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ጠበቆች «አሁን አትክፈል፣ ከምናገኘው ከመቶ ይህን ያህል ትሰጠኛለህ» ይላሉ። ደስ ይላል። ጥያቄው ግን ከመቶ የሚታሰበው ከየትኛው ገንዘብ ላይ ነው? ድርጅቱ ቀድሞውኑ እሰጣለሁ ካለው ላይ ነው ወይስ ጠበቃው ካስጨመረው ላይ? ድርጅቱ ሳትጠይቁት ባቀረበላችሁ ገንዘብ ላይ ጠበቃው ድርሻ የሚኖረው ለምንድን ነው? ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፣ ተነሥታችሁ ውጡ።

«ደብዳቤው ለሁሉም አንድ ነው፣ መደራደር ጊዜ ማባከን ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደብዳቤውን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

አዎ፣ ደብዳቤው አንድ ነው። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የተቀጠሩበት ቀንና የገንዘቡ መጠን ብቻ ይቀየራል። መጠኑም ብዙ ጊዜ በቀመር ነው የሚወጣው፣ ያንን ማስቀየር ይከብዳል። ግን ደብዳቤው ውስጥ ያለው ገንዘብ ብቻ ነው ያለው ማነው? የመጨረሻው የሥራ ቀን አለ። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት አለ። ያልተከፈለ ኮሚሽንና ቦነስ አለ። የሕክምና ዋስትናው እስከ መቼ ይቀጥላል የሚለው አለ። «ለዚህን ያህል ጊዜ ተፎካካሪ ድርጅት ውስጥ አልሠራም» የሚል ግዴታ አለ። የሥራ ልምድ ወረቀቱ ላይ «በቅነሳ ምክንያት» ይባላል ወይስ ዝም ይባላል? ይህ ሁሉ ሲነካ በኤችአር በኩል ማን እንደሚወስነው ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ እኔ። ወይ አለቃዬ፣ በአምስት ደቂቃ። በጀት አያስነካም፣ ቦርድ አያስጠራም። የጠየቀን ሰው ግን ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ደብዳቤው ሐሙስ ከሰዓት ተሰጠኝ። ከጀርባው ስምምነት የሚባል ነገር ተያይዟል፣ ባለ ዘጠኝ ገጽ። «እስከ ሰኞ ብትፈርምልን» ተባልኩ። ስንቱን ሰው እንደዚሁ ብዬ አስፈርሜ ስለነበር አባባሉ ራሱ የእኔ ነበር። አነበብኩት። ምንም ችግር አልታየኝም። ሚስቴ ናት «አንተ አሁን ኤችአር አይደለህም፣ ሌላ ሰው ይየው» ያለችኝ።

ጠበቃዋ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ኮምፒውተር አልከፈቱም። እርሳስ ነው ያነሱት። የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አልጨረሱም።

«ይህ እጅህ የገባው መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

እርሳሳቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እጄ ከገባበት በአሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስሰጥ የኖርኩ ሰው አላየሁትም። ማንም አላታለለኝም፣ ደብዳቤው ተጽፎ ፊርማ ሲጠብቅ ነው የቆየው። ግን የማስጠንቀቂያ ጊዜዬ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ነበር። አሥራ አንድ ቀን ደመወዝ በቀላሉ ሊተን ነው።

ቀጠሉ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ቆሙ። «ከሥራ ውሉ ጋር በተያያዘ የማውቀውንም ሆነ የማላውቀውን ማንኛውንም ጥያቄ ትቻለሁ» ይላል። ይህችን አረፍተ ነገር ሁልጊዜ እንደ ማሳረጊያ ነበር የማያት፣ «ከሰላምታ ጋር» እንደሚባለው። እሳቸው «ያልወሰድከው ዕረፍት አለ?» አሉኝ። አሥራ አራት ቀን። «እሱንም ትተሃል ማለት ነው» አሉ። ከጎኗ በእርሳስ «ከተጠራቀመ የዓመት ዕረፍት ክፍያ በስተቀር» ብለው ጻፉ። ያን ቀን የከፈልኳቸው ለዚያች መስመር ነው ብል አልዋሸሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተማሩኝ። ደብዳቤ ተቀበልኩ ብሎ መፈረምና ተስማማሁ ብሎ መፈረም አንድ አይደለም። ሰዎቹ «ፈርም» ሲሉ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ። ለመቀበል ብቻ ከሆነ ከፊርማችሁ ጎን «ደርሶኛል» ብላችሁ የዕለቱን ቀን በእጃችሁ ጻፉበት። ብዕሩ የእናንተ ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም።

«ጠበቃ እንዳላችሁ ካወቁ ይቀየማሉ፣ ያቀረቡትንም ያነሳሉ»

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ያ ደብዳቤ ሠራተኛው እጅ ከመግባቱ በፊት ጠበቃ አይቶታል። እኔ በነበርኩበት ቤት ሁለት ጊዜ ነበር የሚታየው። እነሱ ጠበቃቸውን ሲያስነብቡ እናንተ አልተቀየማችሁም። የእናንተን ሲሰሙ ለምን ይቀየማሉ?

እንዲያውም ሕግ ራሱ «አማክሩ» የሚልባቸው አገሮች አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችውን ሕግ እንይ። ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሠራተኛ በዕድሜ መድልዎ ተበድያለሁ የማለት መብቱን በፊርማው እንዲተው ከተፈለገ፣ ድርጅቱ «ጠበቃ አማክር» ብሎ በጽሑፍ መንገር አለበት። የማሰቢያ ጊዜም መስጠት አለበት፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 21 ቀን፣ ቅነሳው የቡድን ከሆነ 45 ቀን። ከፈረመ በኋላ እንኳ ሐሳቡን ለመቀየር 7 ቀን አለው። ይህ ካልተሟላ መብት መተዉ አይጸናም። እንግሊዝም ከዚህ አትርቅም። ሠራተኛው ከድርጅቱ ነጻ የሆነ አማካሪ ሳያማክር የፈረመው የስንብት ስምምነት ሕግ የሰጠውን የሠራተኛ መብት አያስቀርም። አማካሪው የግድ ጠበቃ መሆን የለበትም፣ ለዚህ ሥራ የተፈቀደለት የሠራተኛ ማኅበር ኃላፊም ይሆናል። እዚያ ብዙ አሠሪዎች የማማከሪያውን ክፍያ በከፊል የሚሸፍኑት ደግነት ጎትቷቸው አይደለም። ነገ የማይፈርስ ፊርማ ስለሚፈልጉ ነው።

ጸሐፊው ግማሽ እውነት የያዙበት ቦታ አለ። ሕግ የሚያስገድደው ክፍያ አለ፣ ድርጅቱ በራሱ ፈቃድ የሚጨምረው አለ። የመጀመሪያው የእናንተ ነው፣ በኩርፊያ አይነሳም። ሁለተኛው ግን ስጦታ ነው፣ በሰጪው እጅ እስካለ ድረስ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃው ጋ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከዚህ ውስጥ ባልፈርምም የሚገባኝ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ባይፈርምም የሚያገኘውን ገንዘብ ለመቀበል ብሎ መብቱን ይፈርማል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አዝናለሁ፣ ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ።

ፍርሃቱ ካልለቀቃችሁ ደግሞ ጠበቃው መታየት የለበትም። ኢሜይሉን እናንተ ጻፉት፣ በራሳችሁ ቋንቋ፣ በትሕትና። እሱ ከኋላ ሆኖ ያርመው። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

«ብዙ ሰው አብሮ ከተቀነሰ ሕገወጥ ሊሆን አይችልም»

ይችላል። ቅነሳ በብዛት ሲሆን እንዲያውም ሕጉ ይበዛል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በጅምላ ሲቀንስ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አለ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ቅነሳን ለብቻው ደንግጎታል። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት፣ ማን ቀርቶ ማን እንደሚወጣም መመዘኛ ተቀምጧል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው 158ኛው ስምምነት ደግሞ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት መሰናበት የለበትም፣ ከተሰናበተም ገለልተኛ አካል ዘንድ የመሟገት መብት አለው። «ኢኮኖሚው ከበደን» ማለት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን ለምን እኔን ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

አንድ ቀን የገጠመኝን ላንሳ። የሚቀነሱ ሰዎች ዝርዝር በኤክሴል ተዘጋጅቶ መጣ። መመዘኛው ባለፉት ስድስት ወራት የታየ ውጤት ነው። ፍትሐዊ ይመስላል። የድርጅቱ ጠበቃ ዝርዝሩን አየና «እነዚህ አራት ሴቶች ምን ያመሳስላቸዋል?» አለ። ማንም አላወቀም። ፋይላቸው ሲታይ አራቱም በእነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ወሊድ ፈቃድ ላይ ነበሩ። ቢሮ ያልነበረ ሰው ምን ውጤት ያሳያል? ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፣ ቀመሩ ነው ያደረገው። ዝርዝሩ ተቀየረ። የተቀየረው ግን አንድ ጠበቃ ስላየው ነው፣ ያውም የድርጅቱ ጠበቃ። ያ ሰውዬ ያን ቀን ቢቀር ኖሮ አራቱ ሴቶች «ብዙ ሰው አብሮን ተቀንሷል» ብለው ፈርመው ይሄዱ ነበር።

ስለዚህ አብረዋችሁ የወጡትን ሰዎች ተመልከቱ። ዕድሜያቸውን፣ ፈቃድ ላይ የነበሩትን፣ በቅርቡ ቅሬታ ያቀረቡትን፣ ማኅበር ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን። ቅድም ያነሳሁት የአሜሪካ ሕግ በቡድን ቅነሳ ጊዜ የተቀነሱትንና የቀሩትን ሰዎች የሥራ መደብና ዕድሜ ድርጅቱ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ለዚሁ ነው። ለራሳችሁ ስትጠረጥሩ ግን ቆም በሉ፣ የተቀነሰ ሁሉ ተበድሏል ማለት አይደለም። የሚያስጠረጥር ነገር ካለ ግን ያ ጉዳይ ጎረቤት የሚማከርበት አይደለም፣ የጠበቃ ነው።

«ሕጉ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ግራ የገባችሁን ኤችአርን ጠይቁ»

ሕጉን አንብቡ፣ እደግፋለሁ። ጠበቃ ጋ አንብቦ የሄደ ሰው የአንድ ሰዓቱን ግማሽ ያተርፋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ነገር ግን ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ራሳቸው ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃን ያሳሳተ እናንተን አይምርም።

ኤችአርን ጠይቁ የሚለው ላይ ግን፣ ይቅርታ፣ የቀድሞ ኤችአር ነኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል። የክሊራንስ ቅጹን የት እንደምታገኙ በደንብ እንነግራችኋለን። መብታችሁን ስትጠይቁን የምንመልሰው ግን ድርጅቱ እንድንል የፈቀደውን ነው።

ጠበቃ ጭራሽ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ ይህን ጸሐፊው ልክ ናቸው። አገልግሎታችሁ አጭር ከሆነ፣ ክፍያው ሕጉ ላይ ባለው ስሌት ልክ ከሆነ፣ ምንም የምትተዉት መብት የሚጠቅስ ወረቀት ካልተሰጣችሁ፣ የሚያስጠረጥር ነገርም ከሌለ ገንዘባችሁን ያዙ። ማኅበር ካላችሁ እሱ ያየው። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይዞ «ጠበቃ ፈልግልኝ» ብሎኝ ነበር። ስሌቱን አብረን ሠራነው፣ እንዲያውም በሦስት ቀን ደመወዝ በልጦ ነው የተሰጠው። «ዝም በል» አልኩት።

«መጀመሪያ ሥራ ፈልጉ፣ ክርክሩ ይደርሳል»

ከስድስቱ ነጥቦች የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ክርክሩ አይደርስም። ይርጋ የሚባል ነገር አለ፣ ጊዜው ካለፈ ፋይሉን ከፍቶ የሚያያችሁ የለም። እውነት ይዛችሁም ቢሆን።

ጊዜው ደግሞ ሰው እንደሚገምተው ረጅም አይደለም። ጀርመን ውስጥ ስንብቱን ለመቃወም ያላችሁ ጊዜ ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 3 ሳምንት ነው። ደቡብ አፍሪካ 30 ቀን። በኢትዮጵያ አዋጅ ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ጥያቄ በ3 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አሜሪካ ውስጥ የመድልዎ አቤቱታ ለፌዴራሉ ኮሚሽን የሚቀርበው በ180 ቀን፣ በአንዳንድ ሁኔታ በ300 ቀን ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት እኮ ማለት የተቀነሰ ሰው ከድንጋጤው ወጥቶ ሲቪውን የሚያስተካክልበት ጊዜ ነው።

«እየተነጋገርን ነው» ማለትም አያድንም። ድርጅቱ «እናየዋለን፣ ትንሽ ታገሡ» ሲላችሁ ቀኑ መቆጠሩን ላያቆም ይችላል። አንድ ሰው ከተቀነሰ በስምንተኛው ወር ቢሮዬ መጣ። ያልተከፈለው ገንዘብ ነበር፣ ወረቀቱም ሙሉ ነበር። ሁሌ በስልክ «ይጣራል» ሲባል ቆይቷል። ፋይሉን አየሁና ለጠበቃችን ደወልኩ። «ጊዜው አልፏል» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውየውን እስከ በር ሸኘሁት፣ የምለው አልነበረኝም።

ሥራ መፈለጉን ማንም አይከለክልም። ግን ደብዳቤው በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ያቺን አንድ ሰዓት አውጡ። የቅጥር ውላችሁን፣ የመጨረሻ ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ የዕረፍት ቀሪያችሁንና ደብዳቤውን ይዛችሁ ሂዱ። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ከመዘጋቱ በፊት የራሳችሁን ወረቀቶች ሰብስቡ። የራሳችሁን ብቻ። የድርጅቱን ፋይል ገልብጦ መውጣት ሌላ መዘዝ ነው።

ጸሐፊው ሲጨርሱ «በክብር ውጡ፣ ጠበቃ ቂም ነው» ብለዋል። እኔ እንዴት እንደወጣሁ ልንገራቸው። ማክሰኞ ዕለት ሁለት ማስተካከያ ጠይቄ ኢሜይል ላክሁ፣ የቀኑንና የዕረፍቱን። ረቡዕ ከሰዓት የተስተካከለው ወረቀት መጣ። ያመጣችልኝ ደብዳቤውን ሐሙስ ዕለት የሰጠችኝ ልጅ ናት፣ እኔ ራሴ ቀጥሬ ሥራ ያስለመድኳት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በሩን ዘጋች።

«ስማ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወረቀቱን ያየልህን ሰው ስልክ ትሰጠኛለህ?»